ያልተሰማው ንግግር፦ የምሥራቅ አፍሪካና የሌሎች አካባቢዎች ቋንቋዎች በ«ስታር ዋርስ» ፊልሞች ውስጥ

እ.ኤ.አ. በ1983 ግንቦት ወር ለእይታ በበቃው «ሪተርን ኦቭ ዘ ጄዳይ» በተሰኘው ፊልም የመጨረሻ ውጊያ ላይ ላንዶ ካልሪዥያን የጠፈር መርከቡን ሲመራ ከጎኑ ኒየን ነንብ የሚባል ባዕድ ፍጡር ረዳት አብራሪ ሆኖ ይቀመጣል። ረዳት አብራሪው በራሱ ልሳን ይናገራል፤ ላንዶ በእንግሊዝኛ ይመልስለታል። በማያ ገጹ ግርጌ ትርጉም አይጻፍም። የአሜሪካ ተመልካች ከዚህ ንግግር የሚያገኘው የሩቅ ዓለም ድምፅ ብቻ ነው። ኪኩዩ የሚያውቅ አድማጭ ግን ቃላቱን ሰምቶ ይረዳል። ድምፁን የሰጠው ኪፕሳንግ ሮቲች የተባለ ኬንያዊ ተማሪ ሲሆን፣ የተናገረውም ፈጠራ ሳይሆን የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች በየዕለቱ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነበር።

ይህ ክስተት ለፊልም አፍቃሪዎች እንደ አስደናቂ ወሬ ሲነገር ኖሯል። ለሥነ ልሳን ግን ከወሬነት ያለፈ ጥያቄ ያስነሣል። ሕያው ቋንቋ ትርጉሙ ተገፎ ድምፁ ብቻ ሲፈለግ ምን ይቀራል? ስሙስ በመዝገብ ላይ እንዴት ይጻፋል? መልሱን ለማግኘት የእነዚህን ፊልሞች የድምፅ አሠራር ታሪክ ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ፊልም በ1977 ሲወጣ የድምፅ ሥራውን የመራው ቤን በርት ነበር። በርት የፍጡራንን ድምፅ ከተለያዩ ምንጮች አሰባስቧል፤ ቹባካ ለተባለው ጠጉራም ፍጡር የድብና የሌሎች አራዊት ድምፅ፣ ለትንሹ ሮቦት ደግሞ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያና የራሱን ድምፅ ተጠቅሟል። ለዚህም ሥራው ልዩ የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። የሚናገሩ ፍጡራን ጉዳይ ግን የተለየ ችግር ነበረው። ሰው ዝም ብሎ ትርጉም አልባ ድምፆችን ሲደረድር ሳያውቀው የአፍ መፍቻ ቋንቋውን የድምፅ ሥርዓት ይከተላል፤ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ የፈጠረው «ባዕድ» ልሳን እንግሊዝኛ እንግሊዝኛ ይላል። በርት መፍትሔ ያደረገው ለአብዛኛው ተመልካቹ እንግዳ የሆኑ ነባር ቋንቋዎችን ማዳመጥና ከእነርሱ መቅዳት ነበር። ነባር ቋንቋ የራሱ የቀለም አወቃቀር፣ የራሱ ዜማና የራሱ ዕረፍት ስላለው ለጆሮ እውነተኛ ይመስላል።

አቀዳዱ በሦስት መንገድ ተከናውኗል። አንደኛው ማስመሰል ነው። የጃዋዎች ልሳን የዙሉን ድምፀት በማስመሰል ተሠርቶ፣ ቀረጻው ተፋጥኖ እንዲቀጥን ተደርጓል። የግሪዶ ንግግር ደግሞ የኬችዋን ድምፀት ይዟል፤ ይህንን የሠራው ላሪ ዋርድ የተባለ የቋንቋ ተማሪ ሲሆን፣ በ1983ቱ ፊልም የጃባንም ድምፅ ሰጥቷል። ሁለተኛው መንገድ ቅይጥ ነው። በ1983 የታዩት ኢዎኮች ልሳን መነሻው ካልሚክ የተባለው ሞንጎላዊ ቋንቋ ነው፤ በርት ይህንን ቋንቋ በዘጋቢ ፊልም ሰምቶ ከወደደው በኋላ ተናጋሪዎቹን ፈልጎ ቀርጿል፤ የቲቤትና የኔፓል ቋንቋዎች ድምፆችም ተቀላቅለውበታል። ሦስተኛው መንገድ የኒየን ነንብ ነው። በዚህ ግን ማስመሰልም ቅይጥም የለም፤ አንድ ተናጋሪ በሚያውቀው ቋንቋ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ንግግሩ በፊልሙ ውስጥ ቀርቷል።

የሦስቱ መንገዶች ልዩነት ለአጥኚ ትልቅ ትርጉም አለው። ቀረጻ በእጥፍ ፍጥነት ሲጫወት ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል፣ ቆይታውም በግማሽ ያጥራል። ይሁን እንጂ በከፍተኛና በዝቅተኛ ቃና መካከል ያለው ርቀት፣ በረጅምና በአጭር አናባቢ መካከል ያለው ምጣኔም እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ እውነተኛ ንግግር ቢፈጥን እንኳ መልሶ በማዝገም ሊገኝ ይችላል። የጃዋዎችን ድምፅ ግን ምንም ያህል ቢያዘገዩት የዙሉ ዓረፍተ ነገር አይወጣውም፤ ከመነሻው የተቀዳው ጥላው ነውና። የኒየን ነንብ ንግግር በአንጻሩ ማዝገምም ማቅናትም ሳያስፈልገው ለተናጋሪው ማኅበረሰብ ግልጽ ነው።

ቋንቋዎቹ የተመረጡት ለተመልካቹ «ባዕድ» በመሆናቸው ቢሆንም፣ እያንዳንዳቸው በዚያው ዘመን በገዛ አገራቸው የከረረ ታሪክ ውስጥ ያልፉ ነበር። ኬችዋ በፔሩ ይፋዊ ቋንቋ ተብሎ የታወጀው በ1975 ነው፤ ግሪዶ ማያ ገጹ ላይ የታየው ከ2 ዓመት በኋላ። በደቡብ አፍሪካ የሶዌቶ ተማሪዎች በአፍሪካንስ እንዲማሩ መገደዳቸውን ተቃውመው አደባባይ የወጡት በ1976 ነበር። የካልሚክ ሕዝብ በ1943 መጨረሻ በጅምላ ወደ ሳይቤሪያ ተግዞ፣ ወደ አገሩ መመለስ የጀመረው በ1957 ነው፤ ቋንቋውም ዛሬ ለአደጋ ከተጋለጡት መካከል ይቆጠራል።

የኪኩዩ ታሪክ ደግሞ ከሁሉም የቀረበ ነው። «ስታር ዋርስ» በወጣበት በ1977 ዓመት ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪ በኪኩዩ የጻፉት ተውኔት በካሚሪሱ መንደር በገበሬዎችና በሠራተኞች ተዋናይነት ቀረበ። መንግሥት ተውኔቱን አገደ፤ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎም በዓመቱ መጨረሻ ታስሮ 1978ን ማለት ይቻላል በሙሉ በእስር አሳለፈ። በእስር ቤት በኪኩዩ የጻፈው ልብ ወለድ በ1980 ታተመ፤ የካሚሪሱ ቴአትር በ1982 ፈረሰ። ተናጋሪ ለሕዝቡ በቋንቋው ግልጽ ነገር በመናገሩ በታሰረበት ዘመን፣ ያው ቋንቋ በሌላ አህጉር ማንም አይረዳውም ተብሎ ተመረጠ። በናይሮቢ ቋንቋው ያስፈራው ስለሚሰማ ነበር፤ በካሊፎርኒያ የተፈለገው ስለማይሰማ ነው። ሁለቱን ድርጊቶች የሚያገናኝ ሴራ የለም፤ የሚያገናኛቸው አንድ ቋንቋ እንደ አድማጩ ማንነት ሙሉ ንግግር ወይም ባዶ ድምፅ ሆኖ መቆጠሩ ነው።

የስም ጉዳይ ከዚህ ይከተላል። ስለ ፊልሙ በተጻፉ አንዳንድ ጽሑፎች የኒየን ነንብ ቋንቋ ሃያ ተብሎ ይጠራል፤ በሌሎቹ ኪኩዩ ተብሏል። በዚህ ላይ ኪፕሳንግም ሮቲችም የካሌንጂን ስሞች ናቸው፤ ካሌንጂን ደግሞ ከሁለቱ የባንቱ ቋንቋዎች የራቀ ናይሎቲክ ነው። ብዙ ቋንቋ በሚነገርባት ኬንያ የሰው ስም ስለሚናገረው ቋንቋ ማስረጃ ሊሆን እንደማይችል ይህ ራሱ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ሃያና ኪኩዩን ግን አጭር ቀረጻም ቢሆን ሊለያቸው ይችላል። ሃያ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በስተ ምዕራብ፣ በታንዛኒያ ካጌራ የሚነገር ሲሆን 5 አናባቢዎች አሉት፤ የኬንያ ማዕከላዊ ደጋዎች ቋንቋ የሆነው ኪኩዩ 7 አናባቢዎች አሉት። በሃያ ስሞች ከመደብ አመልካቹ ቅድመ ቅጥያ በፊት መነሻ አናባቢ ይይዛሉ፤ «ሰው» ኦሙንቱ፣ «ሰዎች» አባንቱ ነው። በኪኩዩ ይህ መነሻ አናባቢ የለም፤ ሞንዶ እና አንዶ ይባላል። እንዲሁም በኪኩዩ የቅድመ ቅጥያው ኢነዛሪ ተነባቢ ሌላ ኢነዛሪ ተነባቢ ሲከተለው ነዛሪ ይሆናል፤ የዳል ሕግ የሚባለው ይህ ነው። ተናጋሪዎቹ ቋንቋቸውን ጌኮዮ የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቅድመ ቅጥያው በሥሩ ኬ ሆኖ ሳለ ቀጥሎት ባለው ተነባቢ ምክንያት ጌ ሆኗል። እንግዲህ የስሙ መደበላለቅ የመጣው ማስረጃ ከማጣት አይደለም። ቋንቋው የተፈለገው ለድምፁ ብቻ በመሆኑ ማን እንደሆነ መጠየቅ ለሥራው አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም።

በዚያው ዘመን ሌላ ተከታታይ ፊልም ተቃራኒውን መንገድ መርጧል። በ1979 በወጣው የመጀመሪያው የ«ስታር ትሬክ» ፊልም ተዋናዩ ጄምስ ዱሃን ለክሊንጎኖች ጥቂት ድምፆችን ፈጠረ፤ በ1984ቱ ፊልም ደግሞ የሥነ ልሳን ባለሙያው ማርክ ኦክራንድ ከእነዚያ ተነሥቶ ሙሉ ሰዋስው አዘጋጀ። የክሊንጎን መዝገበ ቃላት በ1985 ታተመ። የዓረፍተ ነገሩ ቅደም ተከተል ተሳቢ፣ ግሥ፣ ባለቤት ነው፤ ይህም በዓለም ቋንቋዎች እጅግ ጥቂት ቦታ የሚገኝ ነው። ኦክራንድ በ1977 በበርክሊ ያቀረበው የዶክትሬት ጥናት ሙትሱን ስለተባለ የካሊፎርኒያ ነባር ቋንቋ ሰዋስው ነበር፤ የዚያ ቋንቋ የመጨረሻ አቀላጣፊ ተናጋሪ የሞተችው በ1930 ነው። በዚህ ንጽጽር ውስጥ መራር ነገር አለ፦ ተናጋሪ የሌለው ፈጠራ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው ሲያገኝ፣ ሚሊዮኖች የሚናገሩት ኪኩዩ በፊልም ውስጥ ስሙ እንኳ በትክክል አልተመዘገበለትም።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ2013 የመጀመሪያው የ«ስታር ዋርስ» ፊልም በናቫሆ ቋንቋ ተተርጉሞ፣ በናቫሆ ተናጋሪዎች ድምፅ ተቀርጾ በዊንዶው ሮክ፣ አሪዞና ለእይታ በቃ። ሥራውን ያነሣሣው የናቫሆ ብሔር ሙዚየም ሲሆን ዓላማው ወጣቶች ቋንቋውን በሚወዱት ነገር ውስጥ እንዲሰሙት ነበር። ናቫሆ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ጠላት አይረዳውም ብሎ ለምስጢር መልእክት የተጠቀመበት ቋንቋ ነው፤ ከ70 ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ እንዲረዱት ተብሎ ተነገረ። በ2024 ይኸው ፊልም በኦጅብዌ ቋንቋ በካናዳ ቀርቧል። በእነዚህ ትርጉሞች ነባሩ ቋንቋ ከባዕድ ፍጡር አፍ ወጥቶ ወደ ጀግኖቹ አፍ ገብቷል።

ኪፕሳንግ ሮቲች በ2015ቱ «ዘ ፎርስ አዌክንስ» ለኒየን ነንብ ዳግም ድምፁን ሰጥቷል። ገጸ ባሕርዩ ከ32 ዓመት በኋላ በሌላ ድምፅ ሊናገር አልቻለም፤ ለባዕድነቱ ሲባል የተወሰደው ንግግር ማንነቱ ሆኗልና። ለአፍሪካ ቀንድና ለምሥራቅ አፍሪካ የድምፅ ክምችቶች ግን ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቀላልና ተግባራዊ ነው። በራዲዮ፣ በሙዚቃና በፊልም ቀረጻዎች ውስጥ ስም ሳይሰጣቸው የተቀመጡ ንግግሮች ብዙ ናቸው። አንድ ቀረጻ ቋንቋው፣ ተናጋሪውና የተባለው ነገር ተለይቶ ከተመዘገበ የጥናት ማስረጃ ነው፤ ካልተመዘገበ ግን በውስጡ ያለው ዓረፍተ ነገር ምንም ያህል የቀና ቢሆን በክምችቱ ውስጥ እንደ ጃዋዎች ጫጫታ ተቆጥሮ ይኖራል። ለ1983ቱ ፊልም ይህንን ምዝገባ ለመጨረስ የሚያስፈልገው መሣሪያ አይደለም፤ ኪኩዩ የሚያውቅ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ማዳመጥ ነው።