ነፋሱ ሲተኛ መብራቱስ?
ፀሐይ ስትጠልቅ የሶላር መብራት ከየት ይመጣል ብላችሁ ታውቃላችሁ? ጥያቄው አዲስ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1891 በዴንማርክ ገጠር፣ አስኮቭ በምትባል መንደር፣ ፖል ላ ኩር የተባለ የፊዚክስ መምህር ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የነፋስ ወፍጮ አቆመ። ነፋስ ግን ሲፈልግ ይነፍሳል፣ ሲፈልግ ይተኛል። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በኤሌክትሪኩ ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ከፋፈለ፤ ጋዙን አጠራቅሞም የትምህርት ቤቱን መብራት አበራበት። በዚህ አላበቃም፤ የገጠር ወጣቶችን በኤሌክትሪክ ሙያ አሠለጠነ። የሚጠግን ሰው በቅርብ ከሌለማ መንደሩ ተመልሶ ይጨልማል!

የእኛም ነገር ያው ነው። የአዳማ ግዙፍ የነፋስ ተርባይኖች ሲሽከረከሩ የግድቦቻችን ውሃ ይቆጠባል፤ ለአንዲት ጎጆ ሶላር ደግሞ ባትሪ አለላት። ስለዚህ ጣሪያ ላይ ፓነል ስታዩ ጠይቁ፦ ባትሪውስ እንዴት ነው? ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል?