ጀነሲስ፦ ሁለት ሰዎች ያልለቀቁት ባንድ

ጀነሲስ የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ1967 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከለንደን ደቡብ ምዕራብ፣ ጎዳልሚንግ አጠገብ ባለው የቻርተርሃውስ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ሁለት የተማሪ ባንዶች ሲፈርሱ የቀሩት ልጆች ተሰባሰቡ፤ ፒተር ጌብሪኤል ይዘፍናል፣ ቶኒ ባንክስ ኪቦርድ ይጫወታል፣ ማይክ ራዘርፎርድና አንቶኒ ፊሊፕስ ጊታር ይዘዋል። መድረክ ላይ የመውጣት ሐሳብ እንኳ አልነበራቸውም፤ ዘፈን እየደረሱ ለሌሎች ዘፋኞች ለመስጠት ነበር የተነሱት። ቀደም ብሎ ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣ አንድ ፕሮዲዩሰር በ1969 የመጀመሪያ አልበማቸውን አስወጣላቸው። ርእሱ «ከዘፍጥረት እስከ ራእይ» በመሆኑ አንዳንድ ሱቆች ከመዝሙር ሸክላዎች ጋር ደረደሩት፤ ገዢውም በመቶዎች የሚቆጠር ብቻ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ልጆቹ ዶርኪንግ አጠገብ ባለች የገጠር ቤት የብርዱን ወራት ዘግተው ሲለማመዱ ከረሙ፤ በ1970 ቻሪዝማ የተባለው አሳታሚ አስፈረማቸው። ፊሊፕስ ግን ሕመምና የመድረክ ፍርሃት ስላስቸገረው ለቀቀ። ከበሮ መቺም ጠፍቶ ስለነበር ማስታወቂያ አወጡ፤ ተወዳዳሪዎቹ የተፈተኑት በጌብሪኤል ወላጆች ቤት ነው። የለንደኑ ልጅ ፊል ኮሊንስ ከሰዓቱ ቀድሞ ደረሰ፤ እስኪጠራ ድረስ በግቢው መዋኛ እንዲዋኝ ተነገረው። ውኃው ውስጥ ሆኖ ከሱ በፊት የተፈተኑትን ሲያዳምጥ ምን እንደሚጠየቅ አወቀ፤ ተራው ሲደርስ ዘፈኖቹን ሸምድዷቸው ነበር። በልጅነቱ በለንደን ቴአትር ቤቶች የተወነ፣ ከአዳሪ ትምህርት ቤት ልጆች በኑሮም በጠባይም የራቀ ሰው ነው። በ1971 መጀመሪያ ጊታሪስቱ ስቲቭ ሃኬት ሲጨመር አምስቱ ሞሉ።

ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚባለው ስልት የሦስት ደቂቃ ዘፈን ለጠበባቸው ወጣቶች የተመቸ ነበር፦ ምቱ ከመሃል ይቀያየራል፣ ኪቦርዱ የክላሲካል ሙዚቃ ይበደራል፣ ግጥሙ ተረት ያወራል። በ1972 በወጣው «ፎክስትሮት» ውስጥ ያለ አንድ ዘፈን ሰባት ክፍል ኖሮት 23 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። መድረኩ ግን ቶሎ አልሞቀም። ባለ 12 ክር ጊታሮችን መቃኘት ጊዜ ስለሚወስድ ሕዝቡ ዝም ብሎ መጠበቅ ነበረበት፤ ጌብሪኤል ያንን ክፍተት የሚሞላው እንግዳ እንግዳ ተረት እየፈጠረ በማውራት ነው። በመስከረም 1972 ደብሊን ላይ፣ ለባንዱ ጓደኞቹ ሳይነግር፣ የሚስቱን ቀይ ቀሚስ ለብሶ የቀበሮ ጭንቅላት አጥልቆ ወጣ። የሙዚቃ ጋዜጦች ፎቶውን ተቀባበሉት፤ ዝናም መጣ። ከዚያ ወዲህ አልባሳቱ እየበዛ ሄደ፤ ከኋላው ተቀምጠው ሙዚቃውን የሚሠሩት ተረሱ።

ቅሬታው የፈነዳው በ1974 «ዘ ላም ላይስ ዳውን ኦን ብሮድዌይ» በተባለው ድርብ አልበም ነው። ጌብሪኤል ግጥሙን ብቻዬን ካልጻፍኩ አለ፤ ሌሎቹ ሙዚቃውን ሠሩ። የመጀመሪያ ልጁ ታማ በመወለዷም ከቀረጻው ይቀር ነበር። በሙዚቃ ጉዞው አልበሙ ሙሉውን ከመቶ ጊዜ በላይ ቀረበ። በአንዱ ዘፈን ላይ እብጠት የሞላበት የላስቲክ ልብስ ስለሚለብስ ማይክሮፎኑ አፉ ጋ አይደርስም ነበር፤ ድምፁ መሰማት ያለበት ሰው በገዛ ልብሱ ታፈነ። በ1975 ለቀቀ፤ ጋዜጦቹም ባንዱ አበቃለት ብለው ጻፉ።

ምትክ ድምፃዊ ለማግኘት ብዙ ሰው ተፈተነ። ለተፈታኞቹ ዜማውን እየዘፈነ የሚያሳያቸው ኮሊንስ ነበር፤ በመጨረሻ ከሁሉም የተሻለው እሱ ራሱ ሆኖ ተገኘ። በየካቲት 1976 የወጣው «ኤ ትሪክ ኦፍ ዘ ቴል» በእንግሊዝ ሦስተኛ ደረጃ ደረሰ። ሃኬት በ1977 ሲሄድ ራዘርፎርድ የእሱንም የጊታር ድርሻ ጨምሮ ያዘ፤ ቀጣዩ አልበም «ከዚያም ሦስት ቀሩ» ተባለ። የጀነሲስን ታሪክ የጌብሪኤልና የኮሊንስ ዘመን ብሎ መክፈል የተለመደ ነው፤ ባንክስና ራዘርፎርድ ግን በሁለቱም ዘመን ከቦታቸው አልተነሱም። ዘፈኑ ያጠረውም ኮሊንስ አስገድዷቸው ሳይሆን እነሱም ስለፈለጉት ነው።

በ1980 ለወጣው የጌብሪኤል የግል አልበም ኮሊንስ ከበሮ ሲመታ፣ የድምፅ ባለሙያው ሂዩ ፓድጋም ሙዚቀኞች ከስቱዲዮው ውስጥ እሱን የሚያናግሩበትን ማይክሮፎን ከፍቶ ነበር። ከበሮው በዚያ በኩል ሲሰማ ገዝፎ ይመጣና በድንገት ይቆረጣል። ይህ ድምፅ የ1980ዎቹ ፖፕ መለያ ሆነ። በ1982 ጌብሪኤል ዎማድ የተባለውን የዓለም ሙዚቃ ፌስቲቫል አዘጋጅቶ በኪሳራ ሲዘፈቅ፣ የቀድሞ ጓደኞቹ ሚልተን ኪንስ ላይ ዝናብ እየዘነበ አንድ ምሽት አብረውት ተጫውተው ከዕዳው አወጡት።

ኢትዮጵያውያን የሰባ ሰባቱ ድርቅ በሚሉት ዘመን፣ በኅዳር 1984 ለእርዳታ በተቀረጸው የባንድ ኤይድ ዘፈን ላይ ከበሮውን የመታው ኮሊንስ ነው። ሐምሌ 13 ቀን 1985 በላይቭ ኤይድ የእርዳታ ኮንሰርት ለንደን ዌምብሊ ተጫውቶ፣ በኮንኮርድ አውሮፕላን አትላንቲክን አቋርጦ በዚያኑ ዕለት ፊላዴልፊያ ላይም ወጣ። ጀነሲስ እንደ ባንድ አልተሳተፈም።

በ1986 የወጣው የ«ኢንቪዚብል ተች» አልበም አምስት ነጠላ ዘፈኖች በአሜሪካ እስከ አምስተኛ ባለው ደረጃ ውስጥ ገቡ። የአልበሙን መጠሪያ ዘፈን ከአንደኝነት ያወረደው የጌብሪኤል «ስሌጅሃመር» መሆኑ የዚያ ዓመት ቀልድ ነው። በ1987 ባንዱ ዌምብሊ ስታዲየምን አራት ምሽት ሞላ። ከ1991ዱ «ዊ ካንት ዳንስ» በኋላ ኮሊንስም ተሰናበተ፤ በስኮትላንዳዊው ሬይ ዊልሰን ድምፅ በ1997 የወጣው አልበም በአሜሪካ ትኬት ሳያሸጥ ቀርቶ የዚያ አገር ጉዞ ተሰረዘ።

ባንክስ፣ ራዘርፎርድና ኮሊንስ በ2007 ተመልሰው ዞሩ። በ2021 ሲወጡ ግን ኮሊንስ በጀርባው ሕመም ምክንያት ከበሮ መምታት አቁሞ ነበር፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዘፈነ፣ ከበሮውን ልጁ ኒክ መታ። የመጨረሻው ኮንሰርት መጋቢት 26 ቀን 2022 ለንደን በኦቱ አዳራሽ ተደረገ። በዚያው ዓመት ሦስቱ የዘፈን መብታቸውን ኮንኮርድ ለተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ኩባንያ ሸጡ።