ቡና ኬላ ሲሰብር

እስኪ ከቦንጋ እንነሳ። የከፋ ነገሥታት፣ መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. በ1897 እስኪወድቅ ድረስ፣ ድንበራቸውን በጥልቅ ቦይና በኬላ ያስጠብቁ ነበር። ሴልም ኬላ አለው፤ ዲኤንኤው ከተጎዳ ሳይጠገን እንዳይከፈል ያቆመዋል። ይህን ኬላ ከሚሰብሩት አንዱ በከፋ ጫካ ማንም ሳይተክለው በሚበቅለው ቡና ውስጥ አለ፦ ካፌይን። ጀርመናዊው ኬሚስት ሩንገ በ1819 ገጣሚው ጎተ ከሰጠው የቡና ፍሬ ለይቶ አወጣው። በ1999 ደግሞ ካፌይን የኬላውን ዘቦች፣ ኤቲኤምና ኤቲአር የተባሉትን ፕሮቲኖች፣ እንደሚያግድ ታተመ።

ይህ በዓይን ይታያል ወይ? አዎ። ኤቲአር ሥራ ላይ ሲሆን ቼክ1 በተባለ ፕሮቲን ላይ የፎስፌት ምልክት ያኖራል፤ ይህን ምልክት ለይቶ የሚይዝ፣ ከጥንቸል የሚገኝ አንቲቦዲ አለ። ካፌይን ሲጨመር ምልክቱ ብዙ ጊዜ ይደበዝዛል። ስኒዎን ግን አያስቀምጡ፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሴሉ ላይ የሚጨመረው ካፌይን ቡና ጠጪ ደም ውስጥ ከሚገኘው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።