ያው መድኃኒት፣ ሌላ ክሪስታል፦ የሪቶናቪር ታሪክ



የልጅዎን ሽሮፕ ሁሉ «ፍሪጅ ይሻለዋል» ብለው ያስቀምጣሉ? እስቲ መጀመሪያ ይህን ታሪክ ያንብቡ።

ሪቶናቪር የኤችአይቪ መድኃኒት ነው። በአገራችንም ከሎፒናቪር ወይም ከአታዛናቪር ጋር ተጣምሮ ይሰጣል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲፈቀድ አቦት የተባለው ኩባንያ «ኖርቪር» በሚል ስም ያመርተው ነበር። መድኃኒቱ በደረቁ ሲዋጥ ወደ ደም በደንብ ስለማይገባ፣ አልኮልና ውሃ ባለበት ውህድ ሟሙቶ ነበር ካፕሱል ውስጥ የሚሞላው።

ሁለት ዓመት ያህል ችግር አልታየም። በ1998 ግን አዳዲስ ካፕሱሎች ሲመረመሩ እንደሚፈለገው እንደማይሟሙ ታወቀ። ውስጣቸው ቀድሞ ያልታየ ክሪስታል ተገኘ።

ምን ተፈጠረ? በአንድ ዓይነት ድንጋይ ላላ ያለ ካብም ጥብቅ ካብም መሥራት ይቻላል፤ ጥብቁን ማፍረስ ግን ይከብዳል። የመድኃኒት ሞለኪውሎችም እንዲሁ ናቸው። በደረቅ ዱቄት ውስጥ ባሉበት ተይዘው ይቆያሉ። ፈሳሽ ውስጥ ሲሟሙ ግን ይላቀቃሉ፤ እንደገና ሲደረደሩም ሌላ ቅርጽ ሊይዙ ይችላሉ። የፈሳሹ ዓይነት፣ የመድኃኒቱ መጠንና ሙቀቱ በዚህ ላይ ተጽዕኖ አላቸው። ጥብቁ ክሪስታል አንዴ ብቅ ካለ ደግሞ ለሌላው እንደ እርሾ ይሆናል።

ጥብቁ ክሪስታል በቀላሉ ስለማይሟሟ፣ ታካሚው ካፕሱሉን ቢውጥም በቂ መድኃኒት ደሙ ውስጥ ላይገባ ይችላል። ይህ ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲላመድ በር ይከፍታል። ስለዚህ ካፕሱሉ ከገበያ ወጣ፤ ታካሚዎችም ጣዕሙ ወደሚያስቸግረው ፈሳሽ ተዛወሩ። አዲስ ለስላሳ ካፕሱል የተፈቀደው በ1999 ነው።

እዚህ ላይ ያስተውሉ፦ አዲሱ ካፕሱል ፍሪጅ ውስጥ እንዲቀመጥ ሲመከር፣ ፈሳሹ ግን ፍሪጅ እንዳይገባ ነበር የታዘዘው። ቅዝቃዜ የሟሟውን መድኃኒት ከፈሳሹ ለይቶ ሊያረጋው ይችላልና። መድኃኒቱ አንድ፣ አቀማመጡ ሁለት!

ስለዚህ፦
• ፍሪጅ የሚገባው እንዲገባ የታዘዘው ብቻ ነው። ማሸጊያውን ያንብቡ፣ ፋርማሲስቱን ይጠይቁ።
• በዱቄት የተሰጠ የልጆች መድኃኒት የሚበጠበጠው በታዘዘው ንጹህ ውሃ፣ እስከ ምልክቱ ድረስ ብቻ ነው።
• ካፕሱል ከፍተው በራስዎ ፈቃድ ከሌላ ፈሳሽ ጋር አይቀላቅሉ።
• ሽሮፑ ተወዝውዞም የማይጠፋ አሸዋ መሳይ ነገር ካለው አይስጡ፤ ወደ ፋርማሲው ይውሰዱት። መድኃኒቱን ግን በራስዎ አያቋርጡ።

ሽሮፕ ፍሪጅ ውስጥ ለሚደረድር ወዳጅዎ ያጋሩ። ጤና ይብዛልዎ!