ኮሚቴው ያልፈለገው ፍልፈል

የዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ታሪክ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ዌብ ከተፈጠረበት፣ ስዊዘርላንድ ካለው የምርምር ማዕከል ከሰርን ነው። እኔ ከሚኒያፖሊስ እጀምራለሁ። አንድም የምኖረው እዚሁ ስለሆነ፣ አንድም የእኛ የድረ ገጽ ሠሪዎች ጠብ ከነአመሉ እዚህ የተወለደ ስለሚመስለኝ ነው። ቀኑንና ዓመቱን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጊዜው የ1991 መባቻ ነው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ እንደ ሌሎቹ ትልልቅ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መረጃ ሞልቶት መድረሻው ጠፍቶበት ነበር። የስልክ ማውጫው በአንድ ኮምፒውተር፣ የቤተ መጻሕፍቱ ካታሎግ በሌላ፣ የኮርሱ ዝርዝር በሦስተኛ ላይ ተቀምጧል፤ እያንዳንዱም የራሱ መግቢያና የራሱ ትእዛዝ አለው። ተማሪው ያንን ሁሉ ከማጥናት ቢሮ ድረስ ሄዶ መሰለፍ ይቀለው ነበር። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለመላው ግቢ የሚያገለግል አንድ የመረጃ ሥርዓት ነበረውና ሌሎቹም እንደ እሱ ተመኙ። ሚኒሶታም ተመኘ፤ ዩኒቨርሲቲ ሲመኝ የሚያደርገውንም አደረገ፤ ኮሚቴ አቋቋመ።

ኮሚቴው ከየክፍሉ የተውጣጣ ነበር፤ የየክፍሉም ምኞት ተጨምሮ ተጨምሮ ዝርዝሩ ረዘመ። የትልቁ ማዕከላዊ ኮምፒውተር፣ የሜይንፍሬሙ፣ ሰዎች ሁሉም ነገር በእነሱ ማሽን ላይ፣ በእነሱ ጥበቃ ሥር እንዲሆን ፈለጉ። በሌላው ወገን የቆሙት የማይክሮኮምፒውተር ማዕከል ልጆች፣ ማለትም ቀኑን ሙሉ የተጠቃሚ ጥያቄ የሚመልሱት፣ እያንዳንዱ ክፍል በጠረጴዛው ላይ ካለው ትንሽ ኮምፒውተር የራሱን መረጃ ራሱ ቢያቀርብ ይሻላል አሉ። ነገሩ ውሃ ወቀጣ ሆነ።

እንዲህ ያለ ኮሚቴ ውስጥ ብዙ ተቀምጫለሁ። ሥራዬ በአንድ ኮሌጅ ውስጥ ድረ ገጽ ማስተዳደር ነው፤ የትኛው ኮሌጅ እንደሆነ እንጀራዬ ስለሆነ አልናገርም። የገንዘብ አሰባሳቢው ቢሮ የልገሳው ቁልፍ ቀይ ሆኖ ከላይ እንዲቀመጥ ይፈልጋል። ዲኑ አዲስ የተነሣው ፎቶ እንዲወጣለት ይልካል። የስፖርት ክፍሉ ቪዲዮ ካልተንቀሳቀሰ ሰው አያየንም ይላል። ተማሪ ምን እንደሚፈልግ የሚያውቀው ሬጅስትራሩ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ስብሰባ አይመጣም፤ ስልክ ላይ ነው፣ ድረ ገጹ ላይ የጠፋውን ነገር በቃል እየነገረ።

ወደ ሚኒሶታ ልመለስ። ማርክ ማካሂልና ፋርሃድ አንክለሳሪያ የሚባሉት የማይክሮኮምፒውተር ማዕከሉ ፕሮግራመሮች ኮሚቴው እስኪስማማ አልጠበቁም። ሼፐርድ ላብስ በሚባለው ሕንፃ ተቀምጠው ትንሽ ነገር ጻፉ፤ በ1991 ጸደይም ለቀቁት። ስሙን ጎፈር አሉት፤ የዩኒቨርሲቲው ስፖርት ቡድን ምልክት ከሆነው፣ መሬት ከሚቆፍረው እንስሳ ወስደው ነው። የአገራችን ፍልፈል የሩቅ ዘመዱ ነው ቢባል ያስኬዳል።

አሠራሩ ዛሬም ያስገርመኛል። ተጠቃሚው ፕሮግራሙን ሲከፍት የሚያየው ዝርዝር ብቻ ነው። አንዱን መስመር ሲመርጥ ወይ ሌላ ዝርዝር ይመጣል፣ ወይ ጽሑፍ ይከፈታል፣ ወይ የሚፈለገውን ቃል የሚያስገባበት ቦታ ያገኛል። ከሥር ያለው ደግሞ ከዚህም የቀለለ ነው። የተማሪው ኮምፒውተር በ70ኛው ፖርት ሰርቨሩን ያገኛል፣ አንዲት መስመር ይልካል፣ ሰርቨሩ ጽሑፉን ይሰጥና ይዘጋል። ማስታወስ የለ፣ መከታተል የለ፣ ማስታወቂያ የለ። በዝርዝሩ ላይ ያለችው አንዷ መስመር ከጎን ካለው ክፍል ሰርቨር ትሁን ከሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪው ልዩነቱን አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። ሜይንፍሬም መግዛት የማይችል የትምህርት ክፍል ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አንድ ማኪንቶሽ ካለው የራሱን ጎፈር ሊያቆም ይችላል።

ኮሚቴው አልወደደውም። ከጠየቀው ረጅም ዝርዝር አብዛኛው አልነበረበትም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማእከል የለውም፣ ጠባቂም የለውም። ግን ፕሮግራሙ በኢንተርኔት በነፃ ተለቅቆ ስለነበር ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች እየወሰዱ ተከሉት፤ ግቢው ውስጥ ጆሮ ዳባ ልበስ የተባለው ነገር ከግቢው ውጪ ስም አወጣ። በ1992 መጨረሻ የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሬኖ ላይ ሆነው ቬሮኒካ የሚባል መፈለጊያ ሠሩለት፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ የጎፈር ዝርዝሮችን ርእስ ሰብስቦ የሚያስስ ነው። ጎግል ከመምጣቱ ብዙ ዓመት በፊት ማለት ነው። በመጋቢት 1993 የጎፈር ደንብ በኢንተርኔቱ የቴክኒክ ሰነዶች ውስጥ አርኤፍሲ 1436 ተብሎ ተመዘገበ፤ ከስድስቱ ጸሐፊዎች ስም ሥር ያለው አድራሻ ያው ሼፐርድ ላብስ ነው።

በእነዚያው ዓመታት እኔ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ነበርኩ። የእኛ የመረጃ ሥርዓት ባለ መስታወት ሰሌዳ ነበር። ግሬድ ሲወጣ በመታወቂያ ቁጥር ተደርድሮ ይለጠፋል፤ መስታወቱ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ጸሐፊዋ ጋ ነው። ጸሐፊዋን «እትዬ፣ የኛ ባች አልተለጠፈም?» ብሎ ለመጠየቅ ወኔ ያለው ተማሪ ጥቂት ነበር። ከፊት የቆመው የራሱን አይቶ ዞር አይልም፤ የጓደኞቹንም ያያል። ከኋላ ያለው ቁጥሩን ጮኾ ይነግረውና ውጤቱ በሕዝብ ፊት ተነቦ ይመለስለታል። ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል አገራችን የገባው በጥር 1997 ነው፤ ያን ጊዜ ጎፈር ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ ተዝካሩም ወጥቶ ነበር። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ስሙን ባይሰማው አይደንቅም። ከሰሌዳው በቀጥታ ወደ ድረ ገጽ ነው የተሻገርነው።

የሞቱ ነገር እንዲህ ነው። በ1993 መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው የጎፈርን ሰርቨር ለሥራቸው የሚጠቀሙ ድርጅቶች የፈቃድ ክፍያ እንዲከፍሉ እንደሚፈልግ አስታወቀ። ለትምህርት ተቋማት በነፃ ነው፤ ነጋዴው ግን ይክፈል። በወረቀት ላይ ሲታይ ከዚህ የበለጠ ፍትሐዊ ነገር የለም። የግብር ከፋዩን ገንዘብ የሚያስተዳድር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ፕሮግራመሮቹ ደመወዝ ይፈልጋሉ፤ የግቢው ሥራም እየተጎዳ ለዓለም ሁሉ በነፃ የሚሠሩበት ምክንያት አይታይም። እንዲያውም ነገሩን ሳስበው የምራራው ለዩኒቨርሲቲው ነው።

ሆኖም የሰማው ሰው ሁሉ ሸሸ። ክፍያው በዝቶበት የሸሸ ጥቂት ነው። ዛሬ ነጋዴውን ያስከፈለ ነገ ማንን እንደሚያስከፍል አይታወቅም፤ የራሱን ፕሮግራም በዚያ ደንብ ላይ የጻፈ ሰውም ንብረቱ የማን እንደሆነ ተጠራጠረ። የዌብ ፈጣሪው ቲም በርነርስ ሊ ኋላ ባሳተመው መጽሐፉ ይህ ዜና ምን ያህል እንዳስደነገጠውና የሱ ዌብ ከማንኛውም ይዞታ ነፃ እንዲሆን ሰርንን እንዴት እንደወተወተ ተርኳል። ሚያዝያ 30 ቀን 1993 ሰርን ዌብን ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ፈታው። በዚያው ዓመት የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ሞዛይክ የሚባለውን የዌብ ማሰሻ አወጡ፤ ሥዕልና ጽሑፍ በአንድ ገጽ አብሮ ታየ። በ1994 የዌብ ትራፊክ ጎፈርን በለጠው።

ብዙ ሰው ጎፈርን የገደለው ሥዕሉ ነው ይላል። እኔ በከፊል ነው የምስማማው። ሥዕል ለጎፈርም ሊጨመርለት ይችል ነበር፤ ማካሂልና ባልደረቦቹ ሞክረውታልም። ሊጨመር ያልቻለው እምነት ነው። ዩኒቨርሲቲው መጀመሪያ ጎፈርን አልፈለገውም፤ ኋላ ዋጋ እንዳለው ሲያይ አለቅጥ ፈለገው። ሁለቱም ጊዜ የወሰነው ከሚጠቀምበት ሰው ርቆ የተቀመጠ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን የዌብማስተሮች ዘመን ባጭሩ ልለፈው፤ በሰፊው የተጻፈበት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ድረ ገጹን የሚሠራው ብዙውን ጊዜ የኮምፒውተር ክፍል ሠራተኛ ወይም ሠርተህ አምጣ የተባለ ተማሪ ነበር። እያንዳንዱ ፕሮፌሰር ከስሙ ፊት የሞገድ ምልክት ያለበት የግል ገጽ ነበረው፤ አንዱ የኮርሱን ማስታወሻ፣ ሌላው የድመቱን ፎቶ ይለጥፍበታል። ከዚያ የሕዝብ ግንኙነትና የማርኬቲንግ ቢሮዎች ነቁ፤ መግቢያው ገጽ የዩኒቨርሲቲው ፊት ነው ተባለ፤ ሣር ላይ ተቀምጠው የሚስቁ ተማሪዎች ፎቶ መጣ። በ2010 ራንዳል መንሮ የተባለ የኮሚክ ሠዓሊ ሁለት የተደራረቡ ክቦች ሥሎ ጉዱን አወጣው። በአንዱ ክብ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ገጽ ላይ ያለው ነገር፣ በሌላው ሰዎች ፈልገው የሚመጡት ነገር ተዘርዝሯል፤ በመካከል የሚገናኙት በትምህርት ቤቱ ሙሉ ስም ላይ ብቻ ነው። በሙያችን ውስጥ ያን ሥዕል ቢሮው ላይ ያልለጠፈ ሰው ብርቅ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። ዛሬ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ገጻቸውን የሚያስተዳድሩበት ድሩፓል የተባለው ፕሮግራም ራሱ ከተማሪ ማደሪያ የወጣ ነው። ድሪስ ባይታርት የሚባለው ቤልጂየማዊ በአንትወርፕ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር የሚጻጻፍበት ትንሽ የመልእክት ሰሌዳ ሠራ፤ በ2001 ኮዱን ለሁሉም ለቀቀው። ኮሚቴ አላቋቋመም፤ ፈቃድም አልሸጠም።

ሲዳር ጎዳና ላይ ባለች ቡና ቤት አንድ ታክሲ ነጂ አዛውንት አሉ። አንድ ቀን «ልጄ፣ አንተ እዚያ ኮሌጅ የምትሠራው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ድረ ገጽ ነው፣ ጋሼ።»

«እሱንማ ስመጣም ነግረኸኝ ነበር። እስካሁን አላለቀም?»

ለማስረዳት ሞከርኩ። ሰምተው አልጨረሱኝም፤ «ይሁን፣ የመንግሥት ሥራ እንዲህ ነው» ብለው ወደ ስኒያቸው ተመለሱ።

አገር ቤት ያለው ታሪክ ሌላ መልክ አለው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በአማርኛ ገጽ መሥራት የፈለገ ሰው እያንዳንዱ ፎንት የራሱ አቀማመጥ ስላለው አንባቢው ኮምፒውተር ላይ ያው ፎንት ካልተጫነ ገጹ የተበታተነ የላቲን ምልክት ይሆንበት ነበር፤ ወይም ጽሑፉን በሥዕል ይለጥፋል። የማስተማሪያው ቋንቋም እንግሊዝኛ ስለሆነ የዩኒቨርሲቲዎቹ ገጾች በእንግሊዝኛ ተሠሩ፤ አሁንም በአብዛኛው እንደዚያው ናቸው። የዛሬው ተማሪ ግን የጥሪ ማስታወቂያ ሲጠብቅ መጀመሪያ የሚከፍተው ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ነው። ይህን የሚያማርሩ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ አላማርርም፤ ተማሪ ፈጥኖ የሚያገኝበትን ሰሌዳ ያውቃል። የሚያሳስበኝ ያ ሰሌዳ የዩኒቨርሲቲው አለመሆኑ ነው። የአምና ማስታወቂያ ዛሬ ቢፈለግ ከሺህ መልእክት ሥር ተቀብሯል፤ የቻናሉ ባለቤት ሥራ ቢለቅ ደግሞ ቁልፉም አብሮት ሊሄድ ይችላል።

እዚህ አሜሪካ ያለነው ደግሞ ሌላ ሒሳብ መጥቶብናል። በ2016 የፍትሕ ሚኒስቴር የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ በነፃ የለቀቃቸው የትምህርት ቪዲዮዎች ብዙዎቹ መግለጫ ጽሑፍ ስለሌላቸው መስማት ለተሳናቸው አይመቹም ብሎ ወሰነ። በርክሌይ በ2017 ከ20 ሺህ በላይ ቪዲዮና የድምፅ ቅጂ ከሕዝብ ዓይን አነሣ። ዜናውን ስሰማ በሁለቱም ወገን ተናደድኩ። መስማት የተሳነው ተማሪ ትክክል ነው፤ በነፃ ሲማርበት የነበረው ሌላው ተማሪም ባዶ እጁን ቀረ። በ2024 ሚኒስቴሩ ለመንግሥት ተቋማት ድረ ገጽ ግልጽ ደንብ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የእኛ ቢሮ ዋና ሥራ አሮጌ ፒዲኤፍ ማደን ሆኗል። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ለዐይነ ስውሩ ማንበቢያ ፕሮግራም ባዶ ወረቀት ነው። ጎፈር ይህ ችግር እምብዛም አልነበረበትም፤ በአብዛኛው ከላይ እስከ ታች በተራ የሚነበብ ጽሑፍ ነበርና። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በ2000 የጎፈርን ኮድ በነፃ ፈቃድ ለቀቀው። ለፍቅሩ ብለው እስካሁን በ70ኛው ፖርት የሚያቆሙት ሰዎች አሉ፤ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እየገባሁ አያለሁ፤ ገጹ ዓይን ሳይጨፈን ይደርሳል።

ሰኞ ወደ ፒዲኤፎቹ እመለሳለሁ። ባለፈው ያገኘሁት የካፍቴሪያ የዋጋ ዝርዝር ነበር፤ ካፍቴሪያው ራሱ ፈርሶ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ላንሣው ብዬ ስጠይቅ ባለቤቱ ይፍቀድ አሉኝ። በሲስተሙ ውስጥ ባለቤት ተብሎ የተመዘገበው ኮሚቴ ነው፤ የኮሚቴው አባላት ደግሞ ግማሾቹ ጡረታ ወጥተዋል፣ የቀሩትም አባል እንደነበሩ አያስታውሱም።