የአራቱ ካህናት ኒሻንና የቄስ ጆርጅ ፎክስ ሕይወት

ለጦር ሰው የሚሰጥ ኒሻን አብዛኛውን ጊዜ ጠላትን ድል ስለ መንሣት ነው። የአሜሪካ መንግሥት ግን ባልንጀራን ለማዳን ሲሉ ሕይወታቸውን ለሰጡ አራት ካህናት ለብቻው አንድ ኒሻን አሠርቶአል። ከአራቱ በዕድሜ ታላቁ ቄስ ጆርጅ ፎክስ ነበሩ። ከዚህ በታች የተጻፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ቄስ ፎክስ በ1900 ዓ.ም. በፔንሲልቫኒያ አገር በሉዊስታውን ከተማ ተወለዱ፤ ለስምንት ልጆችም በኵር ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳሉ ትምህርታቸውን ትተው፣ ዕድሜያቸውን ደብቀው፣ ቍስለኛ ከሚያነሣው ክፍል ገቡ። ወደ ፈረንሳይም ዘምተው ስለ ጀግንነታቸው ከአገራቸው የብር ኮከብ፣ ከፈረንሳይ መንግሥት የጦር መስቀል ተሸለሙ።

ከጦርነቱ በኋላ ያቋረጡትን ትምህርት ፈጽመው በ1934 ዓ.ም. በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ተሾሙ። በቬርሞንት አገርም ትንንሽ አጥቢያዎችን እያገለገሉ፣ ለቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ካህንና ታሪክ ጸሐፊ ሆኑ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመጣ ጊዜ በቤታቸው ቢቀመጡ የሚነቅፋቸው አልነበረም። እርሳቸው ግን በፈቃዳቸው የሠራዊት ካህን ለመሆን ጠየቁ። ነሐሴ 8 ቀን 1942 ዓ.ም. ሥራቸውን ሲጀምሩ፣ በዚያው ቀን ልጃቸው ደግሞ ከባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ገባ።

በጥር ወር 1943 ዓ.ም. ዶርቼስተር የተባለችው መርከብ 902 ሰዎችን ይዛ ወደ ግሪንላንድ ተጓዘች። ከቄስ ፎክስ ጋር የካቶሊኩ ካህን ጆን ዋሽንግተን፣ የሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ክላርክ ፖሊንግና የአይሁድ መምህር ረቢ አሌክሳንደር ጉድ ነበሩ። የካቲት 3 ቀን ከእኩለ ሌሊት በኋላ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ መታቻት፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላም ሰጠመች። ባሕሩ እጅግ የበረደ ነበረ፤ ብዙዎቹም መንሳፈፊያ ሰደርያቸውን ሳይዙ ወደ ላይ ወጡ። አራቱ ካህናት የፈራውን እያረጋጉ ከመጋዘን የወጣውን ሰደርያ አደሉ። ያ ባለቀ ጊዜ የገዛ ራሳቸውን አውልቀው ሰጡ፤ የሚቀበለውንም ሃይማኖትህ ምንድር ነው ብለው አልጠየቁም። ከሞት የተረፉት እንደ መሰከሩት፣ አራቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው እየጸለዩ ከመርከቢቱ ጋር ሰጠሙ። የዳኑት 230 ያህል ብቻ ነበሩ።

በ1944 ዓ.ም. የላቀ አገልግሎት መስቀል ለቤተ ሰቦቻቸው ተሰጠ። ብዙ ሰዎች ግን ከሁሉ የሚበልጠው የክብር ኒሻን እንዲሰጣቸው ፈለጉ፤ ሕጉ በጠላት ተኵስ ፊት የተሠራ ጀግንነትን ስለሚጠይቅ አልተቻለም። ስለዚህ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1960 ዓ.ም. ልዩ የጀግንነት ኒሻን እንዲሠራላቸው ፈቀደ፤ ጥር 18 ቀን 1961 ዓ.ም.ም ለዘመዶቻቸው ተሰጠ።

የዚያች ሌሊት ሥራ በአንዲት ሌሊት የተወለደ አይደለም። በ17 ዓመታቸው የሌላውን ቍስለኛ በትከሻ የተሸከሙት ሰው፣ በ42 ዓመታቸው ለሌላው ሰደርያቸውን አወለቁ። በሁለቱ መካከልም ማንም ኒሻን ያልሰጠበት የትንንሽ አጥቢያዎች አገልግሎት አለ።