ተሾመ ገብርኤል ፊልምን እንደ ታሪክ ሲያነቡ

ፊልም ወደ ታሪክ ኮርስ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ቦታ የማሳያ ቦታ ነው፤ መምህሩ ስለ ዘመኑ ካስረዳ በኋላ አንድ ፊልም ይከፍታል። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ኢትዮጵያዊው ምሁር ተሾመ ገብርኤል ግን ነገሩን ከሌላ ወገን ያዙት። በእርሳቸው እይታ፣ ፊልሙ የሚተርከው ብቻ ሳይሆን የተቀረጸበት መንገድ ራሱ የባህል ታሪክ ሰነድ ነው።

ስለ ረጅም ቀረጻ የጻፉት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ካሜራው ሳይቋረጥ በአንድ ሰፊ ቦታ ላይ ሲቆይ፣ ሆሊዉድን የለመደ ተመልካች ታሪኩ የቆመ ይመስለዋል፤ ይሰለቻል። ይህ መሰልቸት ከባህል የተወረሰ ነው። የምዕራቡ ፊልም ለጊዜ ይገዛል፤ ፊትን አቅርቦ የሚያሳየው ቀረጻም የአንዱን ግለሰብ ስሜት ከሌላው ነጥሎ ያወጣል። የሦስተኛው ዓለም ፊልም ግን ለቦታና ለማኅበረሰብ ያደላል። የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976) ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ሰፊው ማሳ፣ በውስጡ የሚደክሙት ጭሰኞች፣ ከላይ ሆኖ የሚመለከታቸው ባላባት። በመማሪያ መጽሐፍ «የመሬት ሥሪት» ተብሎ በአንድ አንቀጽ የሚያልቀው ጉዳይ እዚያ ድካም የሚያሰማ ርዝመት አለው። (ክፍፍሉ ለእኔ ጥቂት የጠበቀ ነው፤ ታርኮቭስኪን ከየትኛው ወገን እንመድበው?)

ተሾመ ይህን ሲኒማ የሕዝብ ትውስታ ጠባቂ ይሉት ነበር። ቅጂው ከሌለ ግን የሚነበብ ነገር የለም። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የተማረው ቻርልስ በርኔት «ኪለር ኦፍ ሺፕ» የተሰኘውን ፊልሙን የሠራው ከ10,000 ዶላር ባነሰ ወጪ ነው። በ1990 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በብሔራዊ የፊልም መዝገብ አሰፈረው፤ ሆኖም በውስጡ ለተሰሙት ዘፈኖች ፈቃድ ስላልነበረው ለሲኒማ ቤቶች የበቃው በ2007 ነበር። ፈቃዱ 150,000 ዶላር ፈጀ።

በየሀገሩ ለኢትዮጵያ ጥናት ኮርሶች ገንዘብ የምታሰባስቡ አንባቢያን ይህን ሂሳብ ልብ በሉት። የመምህር ደመወዝ በበጀቱ ውስጥ ሁልጊዜ አለ፤ የቅጂ ማደሻና የባለቤትነት ፈቃድ ወጪ ግን እምብዛም አይታይም። ስለ ጭሰኛው የሚናገረው የኃይሌ ፊልም ራሱ የታደሰው በጣሊያን፣ በቦሎኛ ከተማ ነው።